ስም የሌለው ብልቃጥ

በአክስቴ ቤት ፍሪጅ የለም። ወተት በየቀኑ ይገዛል፤ ሥጋ በተገዛበት ቀን ይበላል፤ የተረፈ ነገር ካለ በሳህን ተሸፍኖ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እሷ ዘንድ መኖር ስጀምር ቋጣሪ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። ኋላ አባቴ፣ ማለትም ታናሽ ወንድሟ፣ አነስ ያለች ፍሪጅ ገዝቶ በመኪና ጭኖ መጣ። አክስቴ በሩን በግማሽ ከፍታ ቆመች።

«መልሳት» አለችው።

«ምን በደለችሽ? ገና አልተሰካችም እኮ።»

«ሌሊት ታጉረመርማለች።»

«የሰው ሁሉ ፍሪጅ ያጉረመርማል።»

«እኔን ግን ያወራኛል» አለችው።

አባቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፍሪጇ በመጣችበት መኪና ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «ፍሪጅ የሚያወራት» እያሉ ያሾፉባት ነበር፤ እሷም አብራ ፈገግ ትላለች። ቀልዱ ቀልድ እንዳልሆነ ያወቅሁት ነገሩን ሁሉ ራሷ ከነገረችኝ በኋላ ነው።

አክስቴ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራችው አንድ ሥራ ነው፤ በታመመ ሰው ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ካለም የትኛው እንደሆነ መለየት። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ከገባ ሰውነት ጠላቱን ሲያሳድድ የራሱን ኩላሊት፣ የራሱን ሳንባ ይጎዳል። ሐኪሞቹ ሴፕሲስ ይሉታል። አክስቴ ስታስረዳኝ «አይጥ ለማባረር ብሎ ቤቱን እንደሚያቃጥል ሰው ነው» አለችኝ። ጠዋት ላይ ትንሽ አተኮሰኝ ያለ ሰው ለእራት ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ በእሷ ሥራ ትልቁ ነገር ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ማወቅ ነው።

አንድ ቀን መነጽሯን ረስታ ሄዳ ላደርስላት ስሄድ አሠራሩን አሳየችኝ። ከበሽተኛው የተቀዳው ደም ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ሞቅ ያለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ጠርሙሱ ውስጥ የሚራባ ነገር ካለ ሳጥኑ ቀይ መብራት አብርቶ ይጮኻል። ያኔ አንድ ጠብታ ተወስዶ መስታወት ላይ ይቀባል፤ ቀለም ይነከራል፤ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። በሮዝ ሜዳ ላይ ሐምራዊ ዶቃዎች ተዘርግፈዋል፤ ክሩ የተበጠሰ የአንገት ጌጥ ይመስላሉ። ሰው የሚገድል ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ያምራሉ አይደል?» አለችኝ አክስቴ ከኋላዬ ቆማ።

«በጣም።»

«ሁሌም ያምራሉ» አለች። «ዓይን የሚሳሳተውም ለዚህ ነው።»

እሷ የተሳሳተችው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው።

ያን ቀን ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ባልደረባዋ ወልዳ እቤት ናት፤ ሌላው ታሟል። ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል የመጣ አንድ ጠርሙስ ጮኸ። ከተወለደ ሁለት ቀኑ የሆነ ወንድ ልጅ ደም ነው። አዋቂ ሲሆን ደም ከሁለት ክንድ በሁለት ጠርሙስ ይቀዳል፤ ባክቴሪያው በአንዱ ብቻ ከተገኘ መርፌው ሲገባ ከቆዳ ላይ ይዞት የሄደ ተራ ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። ሕፃን ግን ያን ያህል ደም የለውም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፣ ደሟም ማንኪያ የማትሞላ። ያኔ ፍርዱ በዓይን ነው። አክስቴ አየች፤ አጫጭር ሐምራዊ ዘንጎች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጋደሙ። በቆዳችን ላይ ማንንም ሳይጎዱ የሚኖሩትን ይመስላሉ። እነዚያን በሳምንት አሥር ጊዜ ታያቸዋለች።

ስልክ አነሳችና ለሐኪሙ «ከቆዳ የገባ ነው» አለችው።

ሦስት ቃል። ሐኪሙም ልጁ ሻል ያለው ስለመሰለው፣ ላብራቶሪውም ከቆዳ ነው ስላለ፣ መድኃኒቱን አቆመ። በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ይዛው ተመለሰች። ምርመራ ለመውሰድ እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሞተ።

አክስቴ የሰማችው ከቀናት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ከመጣች ነርስ ነው። ነርሷ ወሬዋን ጨርሳ ስትወጣ አክስቴ ተነስታ በእንፋሎት ተቀቅሎ ሊጣል ወደተዘጋጀው የቆሻሻ ከረጢት ሄደች። ከጠርሙሱ ጠብታ ወስዳ የቀባችበት፣ የልጁ ባክቴሪያ የበቀለበት የምርመራ ሳህን ገና አልተጣለም። መስኮቱ ጋ ወስዳ ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገችው። ከግራጫዎቹ ነጠብጣቦች ሥር፣ ባክቴሪያው ሳህኑ ላይ ያለውን ደም ሲበላ የምትቀር፣ ጠባብ፣ ጥርት ያለች ክብ ያየች መሰላት። የቆዳዎቹ እንዲህ ያለ ክብ አይኖራቸውም። ክብ ያለው ሌላ ነው፤ መልኩ ከቆዳዎቹ ጋር እንደ መንታ የሚመሳሰል፣ ጨቅላ የሚገድል። አለች ወይስ የለችም? ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አንዴ አለች፣ አንዴ የለችም።

ቀላል ምርመራ ነበር፤ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። አላደረገችውም። ከሳህኑ ላይ ጥቂት ወስዳ፣ ውርጭ እንዳይገድለው በሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ፣ የአውራ ጣት ጫፍ በምታህል ብልቃጥ ከተተችው። ላዩ ላይ ቀኑን ብቻ ጻፈች። ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ በሆነው ፍሪዘር ውስጥ፣ በሣጥኖቹ ሁሉ ሥር ባለው ሣጥን፣ ጥግ ላይ አስቀመጠችው።

«ለምን አልጣልሽውም?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«ብጥለው ደበቅሁት ማለት ነው።»

«ለምን አላየሽውምስ?»

«ባየው ይናገራላ» አለችኝ።

እኔን ያስደነቀኝ፣ አሁንም ሳስበው የሚያስደነግጠኝ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር አለመሞቱ ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት። ሕፃኑ ቢኖር ትምህርት ቤት በሚገባበት ዓመት ተኝቶ ነበር፤ ድምፁ በሚጎረንንበት ዓመት ተኝቶ ነበር። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እምቢ ባለ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ክትባቱና ወደ ደሙ ሲሮጥ፣ አክስቴ በረዶ ይዛ የሮጠችው ወደዚያ ሣጥን ነው። ለምን እንደሮጠች ራሷም አታውቅም። ፍሪዘሩ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ቤቷ ስትገባ፣ ራቷን ስትበላ፣ ትሰማዋለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተላምደው ይኖሩ ነበር፤ እሷና ብልቃጡ። ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሆስፒታሉ ለልብስ ማጠቢያው አዲስ ሠራተኛ ቀጠረ።

ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት። በረኪና በረኪና ስለምትሸት የላብራቶሪ ልጆች «በረኪና» ብለው ሰየሟት፤ እሷም «እናንተ ከምትሸቱት ይሻላል» ብላ ስሙን ተቀበለች። በየሐሙሱ የቆሸሹትን ነጭ ጋውኖች ልትሰበስብ ትመጣለች። ሁሌም ከሰዓቷ ቀድማ ነው። አራት ሰዓት ከተባለች ሦስት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆማለች። እያንዳንዱን ጋውን ከረጢት ውስጥ ከመክተቷ በፊት ኪሱን ትፈትሻለች፤ እስክሪብቶ፣ ከረሜላ፣ አንዳንዴ የመስታወት ስባሪ ታወጣለች። «የናንተ ኪስ ጫካ ነው» ትላለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጋውን እያጠፈች፣ ሰው ስለ አየር ሁኔታ በሚያወራበት ድምፅ፣ አንድ ልጅ እንደነበራት ለአክስቴ ነገረቻት። እዚሁ ሆስፒታል ነው የተወለደው። በሦስተኛው ቀን ዳነ ብለው ላኳት። በአምስተኛው ሌሊት ጡት አልይዝም አለ። ዝናብ ነበር፤ መኪና አልነበረም፤ ይንጋ ብላ ጠበቀች። ጠዋት ሲደርሱ ሐኪሙ በሩ ላይ «ለምን ዘገየሽ?» አላት። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል።

«ሰድቦኝ አያውቅም እትዬ» አለች በረኪና። «አልመታኝም፣ አልተወኝም። ግን ከዚያ ወዲህ በምንም ነገር ስዘገይ፣ ሻይ እንኳ ሳዘገይ፣ ቀና ብሎ ያየኛል። ብቻ ያየኛል።»

አክስቴ ዓመቱን ጠየቀቻት። ወሩን ጠየቀቻት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀቻትም።

ይህን ይዛ ስምንት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ጋውኗን አውልቃ ሰጥታታለች።

ባለፈው ዓመት ማሽኗ መጣች። ተጠቅልላ፣ በፕላስቲክ ተሸፋፍና፣ አራት ሰው ተሸክሟት ስለገባች «ሙሽሪት» ተባለች። ሥራዋ ተአምር ነው፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ከባክቴሪያው ቅንጣት ታህል ብረት ላይ ይቀባል፤ በጨረር ትመታዋለች፤ በቅጽበት ይተናል። የብናኙ ክብደት እንደ ጣት አሻራ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሙሽሪት አሻራውን አይታ ስሙን ትናገራለች። ከጮኸው ጠርሙስ እስከ ስሙ ድረስ ድሮ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ አሁን አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሙሽሪትን የሚይዛት ጎልማሳ ባለሙያ ነው፤ በሩ አጠገብ ሰሌዳ ሰቅሎ የየቀኑን አማካይ ጊዜ ስለሚጽፍ «ደቂቃው» ይሉታል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የታክሲ ሹፌር ራሱን ስቶ መጣ። ጠርሙሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጮኸ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ስሙ ታወቀ፤ የማይሠራው መድኃኒት በሚሠራው ተቀየረ። በማግስቱ ሹፌሩ ተቀምጦ «ይሄ ሻይ ቀዝቅዟል» ብሎ ሚስቱን ተቆጣ። ላብራቶሪው ውስጥ ጭብጨባ ሆነ። ደቂቃው ዞር ሲል አክስቴ የለችም። ኮሪደሩ ላይ አገኛት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

«ምነው እትዬ? አሞዎት ነው?»

«አንድ ሰዓት» አለችው። «አንድ ሰዓት ብቻ።»

«ሃምሳ ሁለት ደቂቃ» አላት፤ ያጽናናት መስሎት።

ሙሽሪት ለሁሉም በሽተኛ ከመዋሏ በፊት መፈተን ነበረባት። አሠራሩ ይኸው ነው፤ ላብራቶሪው ለዓመታት ያስቀመጣቸው ባክቴሪያዎች ከፍሪዘር ወጥተው አንድ በአንድ ይቀርቡላታል፤ ስማቸውን በትክክል መጥራት አለባት። ደቂቃው በአንድ ሐሙስ ጠዋት ሣጥኖቹን አወጣ። ከሥር ያለውን ሣጥን ሲከፍት ቆየት አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ቀን ብቻ ነው ያለው፤ ስም የለውም። ጽሑፉ ግን የእርስዎ ይመስላል።»

አክስቴ ተቀብላ አየችው። ነጭ ውርጭ ለብሷል።

«የኔ ነው» አለች።

«ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ተወው። እነግርሃለሁ።»

ብልቃጡን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቆመች። ልትጥለው ይሆናል። ብቻ ቆመች፤ ብርዱ በጨርቁ አልፎ ጭኗን ሲያቃጥላት ይሰማታል።

«ደህና አደራችሁ፣ የጫካ ሰዎች» አለች በረኪና ከበሩ ላይ። እንደ ልማዷ ቀድማ መጥታለች።

የአሥራ አንድ ዓመት ልማድ ነውና አክስቴ ሳታስበው ጋውኗን አውልቃ ዘረጋችላት። ትዝ ያላት ከእጇ ከወጣ በኋላ ነው። በረኪና ግራ ኪሱን ፈተሸች፤ ባዶ ነው። ቀኝ ኪሱ ውስጥ እጇን ከታ ሳብ አደረገችና እጇን ወዲያው አወጣች።

«ውይ፣ ምን የሚፋጅ ነገር ነው? በረዶ ነው እንዴ?»

መዳፏ ላይ ብልቃጡ ተቀምጧል። ውርጩ በእጇ ሙቀት ቀልጦ ውኃው በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ወደ መብራቱ ቀና አድርጋ አየችው።

«ይሄማ የሚጣል አይመስልም» አለች። «እንኩ እትዬ። ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እኔ ባልፈትሽ ታጥቦ ይሄድልዎት ነበር።»

አክስቴ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ብልቃጡ አሁን ቀልጧል፤ ውስጡ ያለው ነገር ነቅቷል። በረኪና ጋውኖቹን ጠቅልላ ወጣች። አክስቴ ጓንት አጥልቃ፣ የብልቃጡን ክዳን ፈትታ፣ እንዲበቅል ሳህን ላይ ቀባችው።

አርብ ጠዋት ሳህኑ ላይ ግራጫ ነጠብጣቦች ነበሩ። አሥራ ስምንት ዓመት ተኝቶ በአንድ ሌሊት ተነስቷል። አክስቴ ወደ መስኮቱ ሄዳ ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገችው፤ በሽቦ ጫፍ አንዱን ነጠብጣብ ገፋ አደረገች። ሥሩ ያለችው ክብ ጥርት ብላ ታየች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ከዚያ ሳህኑን ለደቂቃው ሰጠችው። ሙሽሪት ጥቂት ደቂቃ ወሰደች። ስክሪኑ ላይ ሊስቴሪያ የሚል ስም ወጣ፤ ያ የቆዳዎቹ መንታ፣ ጨቅላ የሚገድለው።

«ጎበዝ ናት» አለ ደቂቃው። «ይሄን ብዙ ሰው ከቆዳ የገባ ነው ብሎ ይሳሳትበታል።»

«አዎ» አለችው አክስቴ።

ለኔ የነገረችኝ ያን ዕለት ነው፤ ራት ቀርቦ፣ ሁለታችንም ሳንነካው። «እሷ ዘገየሁ ብላ ነው የምትኖረው» አለችኝ መጨረሻ ላይ። «አልዘገየችም። ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እስከ ሐሙስ እንዴት እንደምደርስ ንገሪኝ መጀመሪያ።»

ሐሙስ ደረሰ። በረኪና ከረጢቷን ይዛ ስትገባ አክስቴ ሌሎቹ እንዲወጡ ለምና ወንበር ሳበችላት።

«ኧረ አልቀመጥም እትዬ፣ ከዘገየሁ—»

«ተቀመጪ እህቴ።»

ከዚያ ነገረቻት። አላስረዘመችውም። የልጅሽን ደም ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከቆዳ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱ የቆመው፣ ዳነ ተብለሽ የተላክሽው በዚያ ምክንያት ነው፤ ባለፈው ከኪሴ ያወጣሽው ብልቃጥ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

በረኪና አላለቀሰችም። መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«በሕይወት አለ?» አለች።

«ምን?»

«ያ ነገር። እስከ ዛሬ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ «ስንት ዓመት ነው ልብስሽን ያጠብኩት?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለቻት።

«አሥራ አንድ።»

«ኪስሽን እየፈተሽኩ» አለች በረኪና፤ ተነስታ ወጣች። ከረጢቱ ወለሉ ላይ ቀረ።

በቀጣዩ ሐሙስ ጋውን ሊሰበስብ የመጣው አንድ የማያውቁት ሽማግሌ ነው። ኪስ አይፈትሽም። በሚቀጥለውም እሱ መጣ። አክስቴ እቤት ውስጥ እቃ እያነሳች ታስቀምጣለች፤ ያስቀመጠችውን መልሳ ታነሳለች። «ባልነግራት ይሻል ነበር?» አለችኝ አንድ ማታ።  የምታውቅ መስላ የምትመልስ ልጅ መሆን አልፈለግሁም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከአክስቴ ጋር አብረን ልንሄድ ላብራቶሪ መጥቼ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። በረኪና ገባች። የሥራ ልብስ አልለበሰችም፤ ቦርሳ ይዛለች። እኔን አይታ «ይቺ ማናት?» አለች።

«የወንድሜ ልጅ ናት። ትውጣ?»

«ትቀመጥ። ሰው ቢሰማው ይሻላል።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «ሁለት ነገር ልጠይቅሽ ነው። አንደኛ፣ በዚያ ሌሊት፣ ዝናቡን ጥሼ ይዤው ብሮጥ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

አክስቴ ወንበሯን አስጠጋች። «በዚያ ሌሊት አይመስለኝም። በጣም ገፍቶ ነበር። ከእጃችን ሳይወጣ፣ በሦስተኛው ቀን፣ መድኃኒቱ ባይቆም ግን ይተርፍ ነበር። እርግጠኛ ነኝ አልልሽም። ብዙዎቹ ይተርፋሉ።»

በረኪና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄኛውን ከሁለቱ አትቁጠሪው፤ ከየት መጣበት?»

«እናት ከበላችው ወይ ከጠጣችው ነገር ይገባል። ካልፈላ ወተት፣ በደንብ ካልታጠበ አትክልት። ብርድ አይገድለውም። ማንም ሊያውቀው አይችልም።»

«ከኔ ነዋ።»

«በአንቺ በኩል አለፈ እንጂ ከአንቺ አይደለም» አለች አክስቴ። «በመንገድ ያለፈ ሌባ የመንገዱ ልጅ ነው?»

በረኪና ፈገግ ልትል ደርሳ ተወችው። «ሁለተኛው» አለች፣ «ጻፊልኝ። አሁን ያልሽኝን በወረቀት፣ በማህተም። እኔ ለባሌ ብነግረው ሰበብ ያበጀሁ ይመስለዋል።»

አክስቴ ተነስታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ሰማን። ኃላፊው ሥራ ያስለመደችው የድሮ ተማሪዋ ነው።

«የተስተካከለ ውጤት ልታወጣልኝ ነው» አለችው። በዚያ ላብራቶሪ ደንብ፣ ስህተት ሆኖ የወጣ ውጤት ሲደረስበት በሌላ ቅጽ እንደገና ይወጣል። የድሮው አይጠፋም፤ መጀመሪያ የተባለው፣ ትክክለኛው፣ መጀመሪያ ያለው ሰው ስም፣ ያረመው ሰው ስም፣ ውጤቱ የወሰደው ጊዜ፣ ሁሉም ይጻፋል።

«እትዬ፣ ጡረታዎ ስምንት ወር ነው የቀረው» አላት። «ያ ደንብ ለትናንት፣ ቢበዛ ላለፈው ሳምንት ስህተት የወጣ ነው። ይሄ ወረቀት ከዚህ ከወጣ የት እንደሚደርስ ያውቃሉ? ኮሚቴ አለ፣ የሙያ ፈቃድ አለ።»

«ደንቡ ላይ የዓመት ገደብ ተጽፏል?»

ዝም አለ። መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። ኃላፊው ማህተሙን በእጁ ይዞ ወጥቶ ኮሪደሩን እስከ ጫፉ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ገብቶ እሺ አላት።

ቅጹን ኮምፒውተር ላይ የሞላው ደቂቃው ነው። የወሰደው ጊዜ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱ ደምሮ በሰዓት አወጣው፤ አንድ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ከምናምን። ደቂቃው ቁጥሩን አየ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፍ ወደ ቤቱ ሄደ።

ኃላፊው የፈረመበትንና ያተመበትን ወረቀት አክስቴ ለበረኪና ሰጠቻት። በረኪና ከላይ እስከ ታች በዝግታ አነበበችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም።

«እሱ ዓይኑ ደክሟል» አለች። «የማነብለት እኔ ነኝ። እዚያ ሄጄ ከምንተባተብ እዚህ አንዴ ላንብበው።»

«አንብቢው።»

ተነስታ ቆመች። ትምህርት ቤት ፊት ወጥታ እንደምታነብ ልጅ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ቀኑን አነበበች። የልጁን ስም አነበበች፤ ጮክ ብላ። መጀመሪያ የተባለው፣ ከቆዳ የገባ። የተስተካከለው፣ ሊስ... ሊስትሪ...

«ሊስቴሪያ» አለች አክስቴ።

«ሊስትሪያ።»

«ሊስ፣ ቴ፣ ሪያ።»

«ሊስቴሪያ» አለች በረኪና። ደገመችው። በሦስተኛው የሰፈር ሰው እንደምትጠራ ሆና ጠራችው። «ሊስቴሪያ። እሺ።» ቀጠለች። ደም ውስጥ ተገኝቷል። ሊታከም የሚችል ነበር። ከዚያ የመጨረሻው መስመር ላይ ደርሳ ቆመች፤ መጀመሪያ ውጤቱን የተናገረው ሰው የሚለው ላይ። ጣቷን በስሙ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«ይሄ ያንቺ ስም ነው?»

«የኔ ነው።»

«እሱንም ላንብብለት?»

አክስቴ ጠረጴዛውን በአንድ እጇ ያዘች።

«አንብቢለት» አለች።